ያ ሁሉ የስፌት ዓይነት መኪናችሁ ላይ ለምን ተቀመጠ? ኩዊልት በጌጥ ስፌት

አዲስ የስፌት መኪና ስትገዙ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ያንን ረጅም የስፌት ዝርዝር ነው። አበባው፣ ቅጠሉ፣ ልቡ፣ ዳክዬው። ስልሳ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ ዓይነት። ቤት ስትደርሱ ግን ቀጥታውንና ዚግዛጉን ብቻ ትጠቀሙና ሌላው እዚያው ተኝቶ ይቀራል። እኔም ለአራት ዓመት እንዲሁ ነበርኩ።

ኩዊልት ላልሞከራችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ስሠራ ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት፤ ትንሽ አየት አድርጋ «ምነው ልጄ፣ ድሪቶ መልበስ ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም። እራፊ ከእራፊ መግጠም ነው ሥራው። ነገር ግን ኩዊልት ሦስት ድርብ አለው፦ ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ መሃል ላይ ባዘቶ የመሰለ ባቲንግ የሚባል ጥጥ፣ ከታች ደግሞ ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው ስፌት ነው ኩዊልቲንግ የሚባለው። ብዙ ሰው ይህን በቀጥታ መስመር ይሠራዋል። እዚህ ጋ ነው ያ የተኛው የጌጥ ስፌት የሚገባው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፣ ምክንያቱም የኔ ስህተት ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። መኪናው ላይ ካሉት መቶ ስፌቶች ለኩዊልት የሚሆኑት አምስት ስድስት ናቸው፤ ውበታቸው የሚወጣውም መኪናው ራሱ በሚሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን ስፋቱንና ርዝመቱን ራሳችሁ ስታስተካክሉት ነው።

የትኛውን ልምረጥ?

ስፌቶቹን በሁለት ክፈሏቸው። አንደኛው ክፍል ክሩ ጥቅጥቅ ብሎ የሚሞላ ነው፤ ቅጠሉ፣ ልቡ፣ ኳሱ፣ ዳክዬውም እዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ክፍል በመስመር ብቻ የሚሄድ፣ ክፍት ክፍት የሆነ ነው። ለኩዊልቲንግ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

ለምን መሰላችሁ? ጥቅጥቅ ያለ ስፌት በአንድ ቦታ ብዙ ክር ያስገባል። ክሩ ጨርቁን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በአንድ ድርብ ጨርቅ ላይ ይሸበሸባል፤ በሦስት ድርብ ላይ ደግሞ እንደ ካርቶን ይደርቃል። የመጀመሪያ ሙከራዬ የሕፃን ብርድ ልብስ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር በቅጠል ረድፍ ሞላሁት፣ ለሳምንት ያህል ማታ ማታ ስሰፋ ከረምኩ፣ መጨረሻ ላይ ስለካው በአንድ በኩል አምስት ሴንቲሜትር አጥሯል፣ ስታጥፉት ደግሞ አይታጠፍም። አሁን ውሻው ይተኛበታል።

እኔ የምመላለስባቸው እነዚህ ናቸው።

እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ሞገድ አንደኛ ነው። ቀላል፣ ለስላሳ፣ ስህተት የሚደብቅ። መኪናው አጭርና ጭምቅ አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ፤ ስፋቱን ወደ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱን ደግሞ 2.5 አካባቢ አድርጉትና ሌላ ስፌት ሆኖ ታዩታላችሁ። መኪናችሁ ላይ ሞገድ ከሌለ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ሦስት ጊዜ እየወጋ የሚሄደው ዚግዛግ አለ፤ እሱም ሲረዝም ወደዚያው ይቀርባል። ሁለተኛው የላባ ስፌት ነው፣ በመሃል መስመር ይዞ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ የሚያወጣው። ሦስተኛው የዓሣ አጥንት የሚመስለው። አራተኛው ብላንኬት፣ ማለትም የብርድ ልብስ ጠርዝ ላይ የምናየው ማበጠሪያ መሰል ስፌት። የንብ ቀፎ የሚመስለውም ጥሩ ነው፣ ግን ክር ይበላል።

ቁልፍ በሌለው፣ በሚዞር ማርሽ ብቻ በሚሠራ አሮጌ መኪናም ይቻላል። ሃያ ዓይነት ስፌት ካለው ከበቂ በላይ ነው። በእግር የሚረገጠው የድሮ ሲንጀር ግን ቀጥታ ብቻ ነው የሚሰፋው፤ ከሱ ይህን አትጠብቁ።

ዕቃ ስታዘጋጁ

መርፌው አዲስ ይሁን። ይህን ስል ትላንት ያስገባችሁትን ማለቴ አይደለም፤ የኩዊልት ሥራ ስትጀምሩ የምታስገቡትን ማለቴ ነው። ለተለመደ የጥጥ ጨርቅ ቁጥር 80/12 መርፌ ይበቃል። ወፈር ያለ ክር ከመረጣችሁ 90/14 ቶፕስቲች የሚባለውን ውሰዱ፤ ቀዳዳው ረጅም ስለሆነ ክሩ አይፋተግም፣ አይበጠስምም። ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋችሁበት በኋላ ጣሉት። ርካሽ ነገር ነው።

ክር ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። 50 ቀጭን ነው፣ 40 ትንሽ ይወፍራል፣ 28 ወይም 30 ከሩቅ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ቁጥር ፖሊስተር ወይም ጥጥ ያዙ። ከታች ለቦቢኑ ከላይኛው ጋር የሚቀራረብ ቀለም ያለው 50 ወይም 60 ቁጥር ክር አድርጉ። ቦቢን ሦስት አራት አስቀድማችሁ ሙሉ። የጌጥ ስፌት ከቀጥታው ብዙ እጥፍ ክር ይጨርሳል፣ በመሃል አለቀ ማለት ደግሞ ራስ ምታት ነው።

አሁን ወደ እግሩ። እግር ስል ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን ማለቴ ነው። ሁለት ያስፈልጓችኋል። አንዱ ፊቱ ክፍት የሆነ፣ ከሥሩ ደግሞ ቦይ ያለው ነው፤ ክሩ ከፍ ብሎ ሲሠራ በቦዩ ውስጥ ያልፋል፣ እናንተም መርፌው የት እንደሚወጋ ታያላችሁ። ሌላው ዎኪንግ ፉት የሚባለው ነው፣ የራሱ ጥርስ ያለው፣ የላይኛውን ድርብ ከታችኛው እኩል የሚያራምድ። ሦስቱ ድርብ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው እሱ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ዎኪንግ ፉት ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ስፌት ነው የሚወደው። ወደ ኋላ የሚመለስ ወይም ጨርቁን ወደ ጎን የሚጎትት ስፌት ስትሰፉበት ላይኛው ወደ አንድ፣ ታችኛው ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ቅርጹም ይበላሻል።

ሌላ አደጋ ደግሞ አለ። ለቀጥታ ስፌት ብቻ የሚሆን፣ አንዲት ክብ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳህን ከመርፌው ሥር ካደረጋችሁ አውጡት። ረስታችሁ የጌጥ ስፌት ብትጀምሩ መርፌው ብረቱን መትቶ ይሰበራል፤ ስባሪው የት እንደሚበር አይታወቅም። እግር በቀየራችሁ ቁጥርም ፔዳሉን ከመርገጣችሁ በፊት በጎን ያለውን ጎማ በእጃችሁ እያዞራችሁ አንድ ሙሉ ቅርጽ አስወጉት። መርፌው የእግሩን ጎን ካልነካ በኋላ ብቻ ርገጡ።

ናሙና፦ የማይዘለል ደረጃ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሰለቻል። እኔም እሰለች ነበር። አሁን ግን ናሙና ሳልሠራ አንድም ኩዊልት አልነካም።

ከተራ ነጭ ጨርቅ ሠላሳ በሠላሳ ሴንቲሜትር ሁለት ቁረጡ፣ መሃል ላይ ለእውነተኛው ሥራ ከምትጠቀሙበት ባቲንግ ቁራጭ አስገቡ። ሌላ ባቲንግ አይሆንም፤ ውፍረቱ ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል። ለሥራው የመረጣችሁትን ክር፣ መርፌና እግር አድርጉ። ከዚያ አንድ ስፌት ምረጡና መኪናው በሰጣችሁ ቁጥር አሥር ሴንቲሜትር ስፉ። ቀጥሎ ስፋቱን ሳትነኩ ርዝመቱን ጨምሩ። ቀጥሎ ርዝመቱን ትታችሁ ስፋቱን። ከዚያ ሁለቱንም። ከእያንዳንዱ ረድፍ አጠገብ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ ጻፉበት። በኋላ አስታውሳለሁ ብላችሁ ራሳችሁን አትሸንግሉ፣ አታስታውሱም።

ናሙናው ላይ ሦስት ነገር እዩ። መጀመሪያ ገልብጣችሁ ገበሩን ተመልከቱ፤ ክሩ ተቋጥሮ ጎጆ የሠራበት ቦታ አለ? ካለ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር በትክክል ስላልገባ ነው፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ክሩን አስገቡ። ሁለተኛ ፊቱን እዩ። የታችኛው ክር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ወደ ላይ ብቅ ካለ የላይኛውን ክር የሚወጥረውን ቁጥር በግማሽ ወይም በአንድ ቀንሱ። ከ4 ወደ 3.5፣ ከዚያ ወደ 3። የጌጥ ስፌት የላይኛው ክር ትንሽ ላላ ብሎ ወደ ገበሩ ሲሳብ ነው የሚያምረው። ሦስተኛ ጨርቁን በእጃችሁ ጨብጡት። ይለሰልሳል ወይስ ደርቋል? ከደረቀ ያ ስፌት ለብርድ ልብስ አይሆንም። ለጠረጴዛ ጨርቅ ወይም ለቦርሳ ግን ይሆናል፣ አትጣሉት።

አንዳንዴ ቅርጹ ራሱ ይዛባል። ክቡ አይገጥምም፣ የኮከቡ ጫፍ ይሳሳታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ የሚሠራ ስፌት ላይ ነው ይህ የሚመጣው፣ ምክንያቱም ወፍራሙ ጨርቅ ወደ ፊት የሄደውን ያህል ወደ ኋላ አይመለስም። ብዙ መኪና ይህን የሚያስተካክል ትንሽ ቁልፍ ወይም ብሎን አለው፤ ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ ፈልጉት። ነካ እያደረጋችሁ ሞክሩ፣ ስትጨርሱ ደግሞ ወደ ቦታው መልሱት።

ናሙናዎቼን በስቼ በገመድ አስሬ መኪናዬ አጠገብ ሰቅያቸዋለሁ። ወደ አርባ ደርሰዋል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው እነሱን ነው።

በላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ስትሰፉ

የጌጥ ስፌት ሁለት ጊዜ ነው የሚገባው፦ ሦስቱ ድርብ ሳይገናኙ በፊት፣ ወይም ከተገናኙ በኋላ። ሳይገናኙ በፊት ስትሰፉ ጥልፍ እንደመጥለፍ ነው። ያ ጥቅጥቅ ያለው ቅጠልና ልብ ካማራችሁ ቦታው እዚህ ነው።

አንድ ድርብ ጨርቅ ብቻውን ግን አይችለውም። ከሥሩ ስታቢላይዘር የሚሉትን፣ ወረቀት የሚመስል ደጋፊ አድርጉ። የሚቀደድ አለ፣ በውሃ የሚሟሟ አለ። የሚቀደደውን ስታነሱ ስፌቱን በአውራ ጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ቅደዱት፣ አለዚያ ክሩን ይጎትተዋል። የኮምፒውተር ወረቀትም ለልምምድ ይሠራል፣ መርፌውን ግን ያደነዝዘዋል።

ቁራጩን ከምትፈልጉት መጠን ቢያንስ ሦስት ሴንቲሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡ፣ ስፉበት፣ ከኋላው በካውያ ተኩሱት፣ ከዚያ በመጨረሻው መጠን ቁረጡ። ስፌቱ ጨርቁን ስለሚሰበስበው አስቀድማችሁ በልክ ከቆረጣችሁ ያጥራል።

በዚህ በኩል በጣም የሚያስደስተው ክሬዚ ኩዊልት ነው። ይህ በአሜሪካ በ1880ዎቹ እንደ ወረርሽኝ የተስፋፋ ፋሽን ነበር፤ በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ሕዝቡ የጃፓንን ዕቃ አይቶ ተደንቆ ስለነበር፣ ያ ያልተመጣጠነ ቅርጽ ለፋሽኑ መነሻ እንደሆነው ይነገራል። ሐር፣ ከፋይ፣ የክራቫት ቁራጭ፣ ያገኙትን ሁሉ ያለ ቅርጽ እየገጣጠሙ በየመገጣጠሚያው ላይ በእጅ የላባና የዓሣ አጥንት ስፌት ይጠልፉበት ነበር። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። የኛ መኪና ያንኑ በከሰዓት ይጨርሰዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ስስ ነጭ ጨርቅ ለመሠረት ዘርጉ። መሃሉ ላይ አምስት ጎን ያለው ቁራጭ አስቀምጡ። ሌላ ቁራጭ ፊት ለፊት ገልብጣችሁ በአንዱ ጎን ስፉ፣ ገልጡት፣ ተኩሱት። እንዲህ እየዞራችሁ መሠረቱን ሙሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ፣ መርፌው ግራና ቀኝ እኩል እንዲወጋ አድርጋችሁ፣ የላባውን ስፌት አስኪዱ። መስመር ማስመር አያስፈልግም፣ መገጣጠሚያው ራሱ መስመር ነው።

ለኛ ሰው እዚህ ጋ አንድ ሀብት አለ፦ ያረጀ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ። ጥለቱ ሳይነካ መሃሉ ያለቀ ስንት አለ በየቤቱ! ጥለቱን ቆርጣችሁ በኩዊልቱ መሃል እንደ ቀበቶ አሳልፉት፣ ግራና ቀኙን ከጥለቱ አንድ ቀለም መርጣችሁ በላባ ስፌት አጅቡት። ግን ተጠንቀቁ። የሸማ ጨርቅ ላላ ብሎ ነው የሚሸመነው፣ ስትቆርጡት ይተረተራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ እጠቡት፣ መሸብሸቡን ይጨርስ። ከዚያ ከኋላው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ደጋፊ ለጥፉበት፣ ከዚያ ቁረጡ። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ከሆነ ካውያው ቀዝቀዝ ይበል፣ በላዩም ጨርቅ አድርጉ፤ ያ ክር ይቀልጣል። ይህን ያወቅሁት በራሴ ቀሚስ ነው፣ ሌላ ጊዜ አወራዋለሁ።

ቅርጽ ቆርጣችሁ፣ ለምሳሌ ወፍ ወይም ጀበና፣ በሌላ ጨርቅ ላይ ስትለጥፉ ብላንኬት ስፌት ነው የሚሆነው። ስፋቱም ርዝመቱም 2.5 አካባቢ። ቀጥ ያለው ክፍል ከቅርጹ ውጭ ጠርዙን ታክኮ ይሂድ፣ ንክሻው ብቻ ወደ ውስጥ ይግባ። ጥምዝ ላይ ስትደርሱ መርፌው በውጭ በኩል ጨርቁ ውስጥ እንዳለ አቁሙ፣ እግሩን አንሡ፣ ትንሽ አዙሩ፣ ቀጥሉ። በንክሻው ላይ ቆማችሁ ካዞራችሁ ጥርሱ ይጣመማል።

ሦስቱን ድርብ በአንድ ጊዜ

ዋናው እዚህ ነው።

ገበሩንና ባቲንጉን ከላይኛው ጨርቅ በየጎኑ ወደ አሥር ሴንቲሜትር አስበልጡ። ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ወለል ላይ ወጥሩት፣ ዳሩን በፕላስተር ያዙት። ብቻ አትለጥጡት፤ ከለጠጣችሁት ስትለቁት ይሰበሰባል። ባቲንጉን፣ ከዚያ ላይኛውን አልብሱት፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፋችሁ እያለሰለሳችሁ። ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ በየአሥር ሴንቲሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። የጭብጣችሁ ስፋት ልኩ ነው፤ ጭብጣችሁን የትም ብታስቀምጡ አንድ መርፌ ቁልፍ መንካት አለበት። የሚረጭ ማጣበቂያም አለ፣ ፈጣን ነው፣ መስኮት ከፍታችሁ ተጠቀሙ።

መስመር ታስምራላችሁ ወይስ መገጣጠሚያውን ትከተላላችሁ? ለመጀመሪያ ጊዜ መገጣጠሚያውን ተከተሉ። በቀጥታ ስፌት ልክ በመገጣጠሚያው ስንጥቅ ውስጥ መሄድ ከባድ ነው፣ አንዲት ሚሊሜትር ስትስቱ ይታያል። ስድስት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሞገድ በመገጣጠሚያው ላይ ወዲህ ወዲያ እያለ ሲሄድ ግን መሳታችሁን ማንም አያይም። ለጀማሪ የጌጥ ስፌት ከቀጥታው ይቀላል የምለው ለዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ባያምነኝም።

ባዶ ሜዳ ላይ ከሆነ በጠመኔ ወይም በውሃ በሚጠፋ እስክሪብቶ አስምሩ። በካውያ ሙቀት የሚጠፋውን ብዕር ብዙ ሰው ይወዳል። እኔ አልወደውም፤ ኃይለኛ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ሊታይ ይችላል። በውሃ የሚጠፋውን ደግሞ ከመታጠቡ በፊት ካውያ ከነካው እንደዚያው ሊቀር ይችላል። በረድፎቹ መሃል ምን ያህል ክፍተት ይቻላል? የባቲንጉ መጠቅለያ ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ አትለፉ፣ አለዚያ ሲታጠብ ጥጡ ይከማቻል።

አሁን ስፉ። የመጀመሪያው ረድፍ ልክ በመሃል ይሁን። ሥራውን ከላይኛው ጨርቅ ጠርዝ ውጭ፣ ትርፉ ባቲንግ ላይ ጀምሩ፤ የጅማሬው ቋጠሮ በኋላ ተቆርጦ ይወድቃል፣ ማሰር አይጠበቅባችሁም። ከዚያ ከመሃል ወደ ቀኝ ረድፍ በረድፍ ሂዱ፣ ዳር ስትደርሱ ኩዊልቱን አዙራችሁ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር።

እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። ሞገድ ራስና እግር የለውም፣ ኩዊልቱን ብታዞሩትም ያው ነው። የላባ ስፌት ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ያድጋል። ካዞራችሁት ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ያድግባችኋል። ስለዚህ አቅጣጫ ያለው ስፌት ከመረጣችሁ ሁሉንም ረድፍ ከአንድ ጎን ጀምሩ፤ ያ ማለት ደግሞ የኩዊልቱ ግማሽ ተጠቅልሎ በመኪናው አንገት ውስጥ ማለፍ አለበት። ትልቅ አልጋ ልብስ ላይ ይህ ትግል ነው። ለመጀመሪያ ሥራችሁ ከ90 በ110 ሴንቲሜትር አትለፉ።

የመኪናውን ፍጥነት መካከለኛ አድርጉና አትቀያይሩት። እጃችሁ ጨርቁን ይምራ እንጂ አይጎትት፣ አይግፋም። የጌጥ ስፌት ላይ ትንሽ መጎተት ወዲያው ይታወቃል፤ አንዱ ቅርጽ ረዘም፣ ሌላው አጠር ይላል። ብዙ ጊዜ የሚጎትተው እናንተ ሳትሆኑ ክብደቱ ነው። ኩዊልቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ከወረደ መኪናው ሊያራምደው አይችልም። በግራ በኩል ወንበር ወይም የካውያ ጠረጴዛ አስጠግታችሁ ሸክሙን አሳርፉት። መርፌው ስታቆሙ ወደ ታች ወርዶ እንዲቆም የሚያደርግ ቁልፍ ካለ ተጫኑት። አረፍ ስትሉ ጨርቁ አይንሸራተትም።

በኩዊልቱ መሃል መጀመር ግድ ከሆነ አንድ ጊዜ በእጅ አስወግታችሁ የታችኛውን ክር ወደ ላይ ስቡ፣ ሁለቱንም ወደ ኋላ ያዙ፣ ከዚያ ጀምሩ። ስትጨርሱ ቋጥራችሁ በእጅ መርፌ በድርቦቹ መካከል ቅበሩት። ወደ ኋላ ደጋግሞ በመስፋት ማሰር የጌጥ ስፌት ላይ ጉብታ ይፈጥራል።

ማዕዘን

ዙሪያውን ጌጥ ማስኬድ ስትፈልጉ ቅርጹ በማዕዘኑ ላይ በግማሽ ይቆረጥባችኋል። መፍትሔው ሒሳብ ነው፣ ቀላል ሒሳብ። ናሙናው ላይ አሥር ቅርጽ ስፉና ርዝመቱን ለኩ። 140 ሚሊሜትር ከሆነ አንዱ ቅርጽ 14 ነው። ጎኑ 99 ሴንቲሜትር ከሆነ 990 ሲካፈል ለ14፣ 70.7 ይመጣል። 71 ቅርጽ ለማስገባት እያንዳንዱ 13.9 መሆን አለበት ማለት ነው። ርዝመቱን በትንሹ ቀንሳችሁ እንደገና አሥር ለኩ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረጅም ጎን ላይ ስሌቱ መንገድ ላይ ይንሸራተታል። እኔ ብዙ ጊዜ ሁለት አቋራጭ እጠቀማለሁ። አንደኛው ከጎኑ መሃል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ማዕዘን መስፋት ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ስለሚቆረጥ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። አቅጣጫ ያለው ስፌት ከሆነ መሃል ላይ ጀርባ ለጀርባ ይሆናሉ፣ እሱም ያምራል። ሁለተኛው በየማዕዘኑ ባዶ ካሬ ጨርቅ ማስገባትና ጌጡን እዚያ ድረስ ብቻ አድርሶ ማቆም ነው። ካሬው ውስጥ አንዲት ቅርጽ ብቻዋን ስፉበት፤ አንድ ቅርጽ ሰፍቶ እንዲያቆም የሚያደርግ ቁልፍ ብዙ ኤሌክትሮኒክ መኪና ላይ አለ።

ሲበላሽ

ቦቢኑ በቅርጹ መሃል ካለቀ ከዚያው አትቀጥሉ፣ አይገጥምም። እስከ መጨረሻው ሙሉ ቅርጽ ጫፍ ድረስ ፍቱት፣ ቅርጹን ከመጀመሪያ የሚያስጀምረውን ቁልፍ ተጫኑ፣ መርፌውን በእጃችሁ ልክ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ አውርዱና ቀጥሉ።

ስትፈቱ ከላይ አትጀምሩ። ገልብጡት፣ የታችኛውን ክር በየሦስት አራት ስፌቱ በመፍቻዋ ቁረጡ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ የላይኛውን ሳቡት። አብዛኛው ሳይበጣጠስ ይወጣል።

ክሩ እየደጋገመ ከተበጠሰ መጀመሪያ መርፌ ቀይሩ፣ ቀጥሎ ክሩን እንደገና አስገቡ፣ ቀጥሎ ውጥረቱን ቀንሱ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን። በዚሁ ቅደም ተከተል። እኔ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ጀምሬ ሰዓት አባክን ነበር። የቦቢኑ ቤት ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራም አትርሱ። ባቲንግ ብዙ ብናኝ ይጥላል፣ በየሁለት ቦቢኑ በብሩሽ አጽዱት።

ጠርዙና እጥበቱ

ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ኩዊልቱ ትንሽ ማጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ጠርዙን የሚሸፍነውን ጨርቅ ቀድማችሁ በልክ አትቁረጡ። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን አስተካክላችሁ ከርክሙት፣ ከዚያ ለኩ። የጠርዙን ጨርቅ ከኋላ ሰፍታችሁ ወደ ፊት ገልብጡትና በዚያው በመረጣችሁት ሞገድ ወይም ብላንኬት ከላይ ስፉት። በእጅ ከመስፋት ያድናችኋል፣ ከመሃሉ ጋርም ይመሳሰላል።

በመጀመሪያው እጥበት ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ። ደማቅ ቀይ ወይም ሰማያዊ ክር ካለበት ቀለም የሚይዝ ቁራጭ ጨርቅ አብራችሁ ክተቱ። ዘርግታችሁ አድርቁት። ያስመራችሁት መስመር ገና የሚታይ ከሆነ ካውያ ሳታስነኩት ደግማችሁ እጠቡት።